እስከ አሜን የቆየች አረፋ

እንዶድ ሲወቀጥ የሚነሣው ብናኝ መጀመሪያ አይሸትም፤ ያስነጥሳል። ሽታው የሚመጣው ካስነጠሱ በኋላ ነው። ይህን ያህሉን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ከዚህ በታች ስለምጽፈው ግን አንባቢዬ በየመሥመሩ «ምናልባት» የሚለውን ቃል ራሱ ቢጨምርልኝ ደስ ይለኛል።

ባጃጅ ለወልድያ ገና ብርቅ በነበረበት ዓመት፣ ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት፣ የአጎቴን ልጅ ዝናሽን ልጠይቅ ወደ መርሳ ወረድሁ። በሚኒባሱ ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት እስከ ሲሪንቃ ድረስ በስልኩ የሠርግ ፎቶግራፎች ሲያገላብጥ ነበር፤ በአንድ አውራ ጣት ስንት ሙሽራ እንዳሳለፈ ቆጥሬ አልዘለቅሁትም። የዝናሽ ግቢ ስደርስ ምራቷ ጋቢ ልታጥብ እንዶድ ትወቅጥ ነበር። ሦስት ጊዜ አስነጠስሁ።

«ይማርህ» አለችኝ ዝናሽ ከደጃፉ። «ከተማው አፍንጫህን አበላሸው። ድሮ እንዶድ ትጠጣ አልነበር?»

«አልጠጣሁም፤ ነፋሁ እንጂ።»

«ግማሹን ትጠጣው ነበር። እኔ አይደለሁ ያየሁህ?»

ሳቅን። እኔ ግን ሳቄን ቶሎ ጨረስሁ፤ ከሽታው ጋር አንድ ክረምት አብሮ ገብቶ ነበርና። በዚያ ክረምት ማለቂያ የአባቷ፣ የአጎቴ የአያ ይመር፣ የቀኝ ዓይን ብርሃን ጠፋ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም፣ ለዝናሽም።

አያ ይመር ፎቶ አንሺ ነበሩ። በጃንሆይ ዘመን መርሳ ውስጥ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ሌላ ፎቶ አንሺ አልነበረም። ሣጥን የሚያህል የእንጨት ካሜራ በሦስት እግር ላይ ያቆማሉ፤ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ይንጠለጠላል፤ በጎኑ ደግሞ እጃቸውን አስገብተው ወረቀቱን በመድኃኒት የሚያጥቡበት እጅጌ አለ። እኔ ግራና ከምትባል መንደር ለትምህርት ወደ እርሳቸው የተላክሁ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት የሆነኝ ልጅ ነበርሁ። ዝናሽ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እርሷ ሁለት ነው ትላለች።

ሰዓት ስላልነበራቸው ብርሃኑን የሚለኩት በጸሎት ነበር። የሌንሱን ክዳን ያነሡና «አቡነ ዘበሰማያት» ይጀምራሉ። ፀሐይ ከሆነ «ትምጻእ መንግሥትከ» ላይ ሲደርሱ «አሜን» ብለው ይከድናሉ፤ ደመና ከሆነ እስከ መጨረሻው ያደርሱታል። ተነሺው «አሜን» እስኪባል ድረስ መተንፈስ የለበትም። ሙስሊም ደንበኞቻቸው «ቢስሚላህ» ብለው ይቀመጣሉ፤ ለእነርሱ ጸሎቱን በሆዳቸው ያደርሱና «አሚን» ሲሉ ብቻ ድምፃቸውን ያሰማሉ። አንድ ቀልደኛ ዲያቆን «አያ ይመር በጠራራ ፀሐይ ጸሎት ይቆርጣሉ፣ በደመና ግን ጻድቅ ናቸው» ይል ነበር።

ክረምት ሲገባ ተነሺ ይጠፋል። ሰው በጭቃ እግር ፎቶ መነሣት አይወድም። ስለዚህ አጎቴ ሥራ ፈተው ቤት ይውላሉ፤ ነገሩም የተጀመረው ያኔ ነው። አንድ ዝናባም ቀን ቤቱ ቶሎ ስለጨለመ ኩራዝ በጊዜ ተበራ። አያ ይመር የቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ ኩራዙ አዩ፤ መዳፋቸውን አነሡና እንደገና አዩ።

«አራጋው» አሉኝ። «እስቲ ያንን ኩራዝ እየው። በዙሪያው ምን አለ?»

«እሳት።»

«እሳቱን ተወው። ከእሳቱ ወጣ ብሎ።»

«ጭስ።»

«ከጭሱስ ወጣ ብሎ?»

ፈተና መሰለኝ። አስቤ አስቤ፣ «ግድግዳ» አልሁ።

«ለዚህ ነው ትምህርት ቤት የላካችሁት?» አለች ዝናሽ።

አጎቴ አልሳቁም። «ክብ ነገር ነው» አሉ። «ወደ ውስጥ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ከዚያ ብጫ፣ ዳር ዳሩን ቀይ። ማንም አያየውም?»

ሚስታቸው እትዬ ወርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እሱማ የማርያም መቀነት ነው» አሉ ቀስ ብለው። በአገራችን ከዝናብ በኋላ በሰማይ ላይ የሚዘረጋው ቀስተ ደመና የሚጠራው በዚህ ስም ነው። «ቤትዎ ድረስ መጣችልዎት። ለሁሉ ሰው አይታይም እኮ።»

በሳምንቱ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። አንዲት ባልቴት የልጅ ልጇን ይዛ መጥታ «ያ ዓይን ያየውን በረከት ለልጅ ልጄ ያሳልፉልኝ» አለች። አያ ይመር ግራ ገብቷቸው «እናቴ፣ እኔ እኮ ፎቶ አንሺ ነኝ» ቢሏትም ሕፃኑን እፍ ካላሉበት አልሄድም አለች። በሌላ በኩል ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር። የነበረው ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ፣ በባትሪ አይቶ «ዓይንዎ ንጹሕ ነው፤ ድካም ነው፤ ይረፉ» አላቸው። ሲመለሱ ለእትዬ ወርቄ ያሉትን ሰምቻለሁ።

«ላስረዳው አልቻልሁም። በቃል አይነገርም፤ የማየው እኔ ብቻ ነኝ።»

አረፋው ወደዚህ ነገር የገባው በእኔ በኩል ነው። የዱባ ቅጠል ዘንግ ውስጡ ክፍት ነው፤ አንዱን ጫፍ እንዶድ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነክረው በሌላው ቢነፉ አረፋ ይወጣል። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ስነፋ አያ ይመር ድንገት የእጄን አንጓ ያዙኝ።

«አትነቃነቅ።»

አረፋዋ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ነበረች። ቀለሞቹ በላይዋ ላይ ቀስ እያሉ፣ ዘይት ውሃ ላይ እንደሚሄድ፣ ይዞሩ ነበር።

«ይኸው» አሉ። «ይኼው ነው። የማየው ይህን ነው።»

ፈነዳች። እርሳቸው ግን እጄን አልለቀቁም። የዚያኑ ዕለት ወሰኑ፤ አረፋዋን ፎቶ አንሥተው፣ ቀለም ቀብተው፣ ደሴ ሆስፒታል ድረስ ወስደው ለሐኪም ያሳያሉ። «ሰው ሲናገር አይታመንም፤ ሥዕል ይዞ ሲመጣ ግን ይታመናል» አሉ። ጉዳዩ ዓይናቸው መሆኑን እኔም ዝናሽም ገብቶን ነበር፤ ዓይናቸው ደግሞ እንጀራችን ነበር።

ችግሩ ጸሎቱ ነበር። በክረምት ደመና ጸሎቱ እስከ መጨረሻው መድረስ አለበት፤ አረፋ ደግሞ «ይትቀደስ ስምከ» እንኳ ሳይባል ይሞታል። ስለዚህ ታጋሽ አረፋ ፍለጋ ወጣን። ያን ፍለጋ አሁን ሳስበው እንደ ሕልም ነው፤ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ አላውቅም።

በመጀመሪያ፣ ይመስለኛል፣ የጠላው ጋን ነበር። ድፍድፉ ሲፈላ በአፉ ላይ የሚቆመው አረፋ ትዕግሥተኛ ነው፤ ነገር ግን ቀለም የለውም፤ ወረቀቱ ላይ ሲወጣ የበግ ጠጉር መሰለ። ከጎርፍ በኋላ ወንዙ ዳር ወረድን፤ ከድንጋዮቹ ጀርባ የተሰበሰበው ቡናማ አረፋ በቀስታ ይዞር ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን እንደ ፈትል የተሳበ ነጭ መሥመር ብቻ ቀረ። ከዚያ ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ግቢው ውስጥ በተጠራቀመው ውሃ ላይ ሲወርድ፣ እያንዳንዱ ጠብታ አንድ አረፋ እያቆመ፣ አረፋዎቹ እንደ ትናንሽ ቆቦች እየተንሳፈፉ ሲሄዱ አየን። አጎቴ ከበረንዳው ሆነው ሙሉ ጸሎት አደረሱ። ወረቀቱ ላይ የወጣው ውሃ ብቻ ነበር። አንድም አረፋ ያልነበረበት፣ ዝም ያለ ውሃ።

«የት ሄዱ?» አልሁ።

«ቶሎ የሚያልፍን ነገር ሣጥኑ አያውቀውም» አሉኝ።

ይህ አባባል ለብዙ ቀን አስፈራኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ የምሮጥ ልጅ ነበርሁ። ሣጥኑ የማያውቀው ነገር እንዳልነበረ የሚቆጠር ከመሰለኝ በኋላ፣ በካሜራው ፊት ባለፍሁ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ እየቆምሁ እሄድ ነበር። ዝናሽ «ምን ሆነህ ነው እንደ ግመል የምትገተረው?» ትለኝ ነበር።

መፍትሔው የመጣው በስሕተት ነው። በውሃ የራሰ የብረት ሳህን ላይ እየነፋሁ ሳለ አረፋዋ ወርዳ ሳህኑ ላይ አረፈች፤ አልፈነዳችም፤ ግማሽ ክብ ሆና ተቀመጠች።

«ተቀመጠች» አለች ዝናሽ በሹክሹክታ።

«ማን ወንበር ሰጣት?» አሉ አያ ይመር፤ እርሳቸውም በሹክሹክታ።

ማር ቢጨመርበት ዕድሜዋ እንደሚረዝም ያሰበው ማን እንደነበረ አላውቅም። እኔ ነኝ ብል ደስ ይለኛል። እትዬ ወርቄ ማንኪያው ከማሰሮው ሲወጣ ያዙንና «ማር ለእንግዳ አልበቃ ብሎ ለአረፋ» አሉ፤ ነገር ግን ማሰሮውን አልከደኑትም። በሌላው ቀን ደመናው ሳሳ ሲል ሳህኑ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ነፋሁ፤ ዘንጉን ቀስ ብዬ አወጣሁ፤ አጎቴ ክዳኑን አነሡ። «አቡነ ዘበሰማያት…» እኔና ዝናሽ ትንፋሻችንን ያዝን። ጸሎቱ እንደዚያ ቀን ረዝሞ አያውቅም። «ለዓለመ ዓለም» አሉ፤ «አሜን» አሉ፤ በዚያች ቅጽበት ፈነዳች።

አጎቴና ዝናሽ በደስታ ተቃቀፉ። እኔ ግን ሌላ ነገር አይቼ ነበር። አረፋዋን የገደላት «አሜን» ነው ብዬ አመንሁ። ጸሎት እስካለ ድረስ ነገሩ ይቆማል፤ «አሜን» ሲባል ያልቃል።

ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። አጎቴ ለሰው ጉንጭና ለሻሽ የሚጠቀሙበት በትናንሽ ብልቃጥ ያለ ቀለም ነበራቸው፤ ጥጥ በክብሪት እንጨት ጠቅልዬ፣ እርሳቸው ቀለበቶቹን በተራ እየነገሩኝ፣ ቀባሁ። ከዚያ ወደ ደሴ መሄድ ብቻ ቀረ።

እትዬ ወርቄ ግን አልተስማሙም። «መቀነቷን ያሳየችዎትን ሳያመሰግኑ ሐኪም ቤት? ነውር አይደለም? በሽታ ነው ሊሏት?» አሉ። የግሸን ማርያም ንግሥ ቀርቦ ነበር፤ መስከረም ሃያ አንድ። መጀመሪያ ግሸን፣ ከዚያ ደሴ ተባለ። አያ ይመር ብዙ አልተከራከሩም። አሁን ሳስበው፣ በሽተኛ ከመባል የተመረጠ መባል ለማንም ሰው ይጣፍጣል፤ ለእርሳቸውም ጥቂት ጣፍጧቸው ይሆናል። ይህን የምለው ልወቅሳቸው አይደለም።

ለጉዞው ነጭ ልብስ መታጠብ ስለነበረበት ከመንገዱ ሁለት ቀን አስቀድመን ወደ ወንዝ ወረድን። የማስታውሰው እንዲህ ነው። እንዶዱ በቅል ውስጥ ተመትቶ አረፋው እስከ አፉ ሞልቷል። አያ ይመር ጋቢያቸውን ድንጋይ ላይ ይረግጣሉ። እኔ ለጨዋታ አንድ እፍኝ አረፋ ዘግኜ ወረወርሁ፤ ቀኝ ዓይናቸው ላይ አረፈ። እጃቸውን ወደ ፊታቸው አነሡ። «አቃጠልኸኝ፣ አንተ ወፈፌ» አሉና ሳቁ። ፀሐይ ነበረ። ውሃው ዳር የተቀመጡ ሴቶችም ሳቁ።

አጎቴ ከግሸን ሲመለሱ በበራፉ ተቀበልናቸው። እትዬ ወርቄ ጠላ አቀረቡ። አያ ይመር ጣሳውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ፤ እጃቸው ከጣሳው በስተቀኝ በኩል አልፎ ባዶ አየር ያዘ። እንደገና ዘረጉ፤ አገኙት። ከዚያ ጎንበስ ብለው «በቀኙ መሽቷል» አሉ፤ ስለ አየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው።

በልጅነት አእምሮዬ ሒሳቡ ግልጽ ነበር። የታመመው ግራው ነው፤ ኩራዙን ሲያዩ ቀኙን ይሸፍኑ አልነበር? ሰው የሚሸፍነው ደህናውን ነው፣ በታመመው ሊያይበት። ደህናው ቀኙ ነበረ፤ ቀኙ ላይ ደግሞ እኔ እንዶድ ወረወርሁ። በጥቅምት ደሴ ሄደው ሲመለሱ «ሐኪሙ ዘግይተው መጡ አለኝ» ሲሉ ከበር ኋላ ሰማሁ፤ ዓይናቸው ከእንዶዱ በጊዜ አለመታጠቡን ማለታቸው መሰለኝ። የዱባ ዘንጎቼን ሁሉ ቆፍሬ ቀበርሁ። «አሜን» ማለትም ተውሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ማዕድ ሲባረክ፣ ከንፈሬን እገጥማለሁ፤ የቀረችውን ግራ ዓይን በአፌ እንዳላፈነዳት።

«ይኼ ልጅ አሜን አይልም፤ ምን ነካው?» ይላሉ እትዬ ወርቄ።

«እንዶድ ምላሱ ላይ ቀርቶበት ነው» ትላለች ዝናሽ።

በኋላ በትምህርት ብዙ ነገር አወቅሁ። በመብራት ዙሪያ ቀለበት የሚያሳየው ሕመም ግላኮማ እንደሚባል፣ እንዶድ እንደሚያቃጥል፣ ነገር ግን በሁለት ሳምንት ዓይን እንደማያጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የስምንት ዓመት ልጅ የፈረደውን ፍርድ ሽማግሌው በቀላሉ አይሽረውም። «ግራው ታሞ ሳለ ቀኙ ለምን ቀደመ?» የሚለው ጥያቄ ከእኔ ጋር አረጀ።

ከምሳ በኋላ ዝናሽ አንድ የከረሜላ ቆርቆሮ ይዛ መጣች። «የአባባን ነገር ለልጅ ልጆች ልከፋፍል ስል አገኘሁት» አለች። ከሥሩ፣ በወረቀት ተጠቅልላ፣ አረፋዋ ነበረች። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቀዩ ቡናማ ሆኗል። ጀርባዋን ገለበጥሁ። የአያ ይመር የእጅ ጽሕፈት ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል፣ ቀጥ ያለ።

«በነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ዕለት። ለሐኪሙ፦ በቀኝ ዓይኔ የማየው ይህን ነው። ቀኙን በእጄ ስከድነው ቀለበቱ ይጠፋል፤ ግራው ገና ደህና ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የሸፈኑት የታመመውን ነበር፤ ቀለበቱ እንደሚጠፋ ሊያረጋግጡ። ያም ወንዝ ከመውረዳችን ከአንድ ወር በላይ አስቀድሞ ነው። መነጽሬን አወለቅሁና ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ለሰው ተናገርሁ።

ዝናሽ ጭንቅላቷን ይዛ አዳመጠችኝ። ከዚያ፣ «በማን ዓይን ላይ?» አለች።

«በአባባ።»

«በእኔ ዓይን ላይ ነው እንጂ! አባባማ ጋቢው ጫፍ ላይ ምራቅ አድርጎ ጠረገልኝ። አንተን ‹ወፈፌ› ያለህ ስለ እኔ ነው። ሁለት ቀን አብጦ፣ ሴቶቹ ‹ዓይነ ዱባ› እያሉ ሲስቁብኝ የት ነበርህ?»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዓይኑ የእኔ ነው፤ እንዴት አልሆንም?»

ማን ትክክል እንደሆነ አላውቅም። በትዝታዬ ውስጥ የአጎቴ እጅ ወደ ፊታቸው ሲነሣ አሁንም አያለሁ፤ ነገር ግን እጁ ጋቢ ይዞ ነበር ቢባል ልክደው አልችልም። ዝናሽ ደግሞ ቀጠለች፤ ሐኪሙ ሥዕሉን ሲያይ ከወንበሩ መነሣቱን፣ ጠብታ መስጠቱን፣ ቀኙ ቢመሽም ግራው በዚያ ጠብታ እርሷ እስክትዳር ድረስ ማየቱን። «ሙሽራ ሆኜ ያነሣኝ በግራው ነው» አለች። «ለማን ብለህ ዝም አልህ? ጠይቀኸኝ ቢሆን በአንድ ቀን ባለቀ ነበር።»

ጋዜጣ የማነብበትን ማጉያ መነጽር አውጥቼ ፎቶዋን ወደ በረንዳው ብርሃን አቀረብሁ። ቀለበቶቹ መካከል፣ እኔ ቀለም ያልቀባሁበት ቦታ ላይ፣ የምስር ፍሬ የማታህል ጥላ ነበረች። ማጉያውን ጠጋ አደረግሁ። አረፋዋ እንደ መስተዋት ፊቷ የቆመውን ሁሉ ይዛ ነበር። የበረንዳው ምሰሶ አለ፤ ባለ ሦስት እግሩ ሣጥን አለ፤ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ የደረበ ሰው አለ። ከጎኑ ሁለት ልጆች ቆመዋል፤ የማይነቃነቁ፣ ጉንጫቸው የተነፋ። በጸሎቱ ሙሉ አልተነፈስንም፤ ስለዚህ ሣጥኑ አውቆናል።

«ምን ታያለህ?» አለችኝ ዝናሽ።

ማጉያውን ሰጠኋት። እርሷ ጎንበስ ብላ ስትፈልግ፣ የምራቷ ሙቀጫ ሲመታ እየሰማሁ፣ ከንፈሬን ከፈትሁ።

«አሜን» አልሁ።

«ምን አልኸኝ?»

«ምንም።» አረፋዋ እንደነበረች ነበረች።